የይርዳው አምስት ማውዝፒሶች

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆሙ። አንደኛው የከተማችን የማርሽ ባንድ አለቃ ሻምበል ድንበሩ ነበሩ፤ በእጃቸው የባሌን የትሮምቦን ሳጥን ይዘዋል። ይርዳው ያንን ሳጥን ለማንም አስይዞ አያውቅም። አውቶቡስ ሲሳፈር እንኳ ጣሪያ ላይ አያስጭነውም፤ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ምንም ሳይናገሩ መርዶው ገባኝ። ገባኝ እላለሁ እንጂ፣ ከአፌ የወጣው «ማውዝፒሱስ? እሱን ረስታችሁ መጣችሁ እንዴ?» የሚል ነበር። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለበዓል ከባንዱ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ሰልፉ ሲያበቃ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ውሃ ጠየቀ፤ ውሃው ሳይደርስለት አረፈ።

ይርዳው ባስ ትሮምቦን ነፊ ነበር። ከነሐስ መሣሪያዎች መካከል ወፍራሙን፣ መሬት ለመሬት የሚሄደውን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ማውዝፒስ ማለት ደግሞ ከመሣሪያው ጫፍ የሚገጠም፣ ነፊው ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ትንሽ ጽዋ ነው። ይርዳው ልክ የሚሆነውን ማውዝፒስ ሲፈልግ ሦስት ዓመት ፈጀ። አንዱን ከአዲስ አበባ አስላከ። አንዱን ደግሞ ሬዲዮናችንን ሰጥቶ ከአንድ ጡረተኛ ነፊ ለወጠ።

«አንተ ሰውዬ» አልኩት ሬዲዮኑ የሄደ ዕለት፣ «ሚስት ብትሆን እኮ ይሄኔ አራት ፈትተሃል!»

«አንቺን አልለወጥኩ፤ ታዲያ ምን አስቆጣሽ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ።

«ሰነፍ ሠራተኛ ከመሣሪያው ይጣላል ይባል የለ?»

አዲሱን ማውዝፒስ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና «ይኼኛው ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ስንዱ» አለ። ስለ እያንዳንዳቸው እንዲሁ ብሎ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላም ጠባይ አመጣ። ወደ ቤታችን የሚያወጣው ዳገት ላይ ሲደርስ ያገኘውን ሰው ሁሉ አስቁሞ ሰላም ይል ጀመር። ስለ ሰውየው ልጆች ይጠይቃል፤ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፤ ጠይቆ የጨረሰውን እንደገና ይጠይቃል። ጎረቤቶች «ይርዳው ዕድሜው ሲገፋ ሰው ወዳድ ሆነ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጎኑ ቆሜ እጠብቀው ነበር።

ከሞተ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ሻምበል ድንበሩ ተመልሰው መጡ።

«ስንዱ ልጄ» አሉኝ፣ «ለአርባው ባንዱ መቃብሩ ላይ ይነፋለታል። በእሱ ቦታ የተተካው ሰው መሣሪያውን ወስዷል፤ ማውዝፒሱ ግን አንቺ ዘንድ ነው። ይርዳው ልክ ነው ያለውን ስጪኝ።»

«ሁሉንም ልክ ነው ይል ነበር እኮ፣ ሻምበል።»

ከነጠላዬ ቁራጭ የሰፋሁለትን ከረጢት አወጣሁና ሰጠኋቸው። አምስት ነበሩ። ጥንቁቅ ሰው ስለነበር በእያንዳንዱ ላይ መንፋት የጀመረበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በክር አስሮበታል። ሻምበል መነጽራቸውን አደረጉና በየቀናቸው ተራ አግዳሚው ላይ ደረደሯቸው።

የመጀመሪያው እንደ አረቄ መለኪያ ሰፊ ነበር። ሁለተኛው ትንሽ ያንሳል። ሦስተኛው ከዚያ ያንሳል። አምስተኛውን በአውራ ጣቴ ልደፍነው እችል ነበር። ሻምበል ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው አንድ በአንድ አዩአቸው።

«ይርዳው የሚፈልገው ድምፅ አልነበረም» አሉ በመጨረሻ።

«ታዲያ ምን ሲፈልግ ኖረ?»

«ትንፋሽ። ሰፊው ማውዝፒስ ትንፋሽ ይበላል። ጠባቡ ይቆጥባል፤ ግን ድምፁን ያቀጥነዋል። ደረቱ እየደከመ በሄደ ቁጥር እሱ ማውዝፒሱን ያጠብብ ነበር።»

«እርስዎ ጆሮ የለዎትም? ድምፁ ሲቀጥን አልሰሙም?» ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ።» ሦስተኛውን አነሱት። «ጥፋቱ የማውዝፒስህ ነው፣ ቀይረው አልኩት። ይኼንን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ዳገቱ ትዝ አለኝ። ለካ ሰላምታውን ያስረዘመው ቆሞ ሊተነፍስ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ የሰዎቹን ልጆች ጤና ስሰማ ኖርኩ።

ለአርባው አዲሱ ነፊ የመጀመሪያውን፣ ሰፊውን ገጠመ። ሲነፋው የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ይርዳው ባገባኝ ሰሞን የሰማሁት ድምፅ ነበር። ረስቼው ኖሯል፤ ቀስ በቀስ ስለቀጠነ መቅጠኑን አላወቅሁም። «ሰማህ፣ ይርዳው?» ልለው ዞርኩ። ከዚያ ወዴት እንደዞርኩ ጠፋኝ።

አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። ከባንዱ እንዳይቀነስ ብሎ ደበቀን? ወይስ እኔ እንዳልጨነቅ ብሎ? አንድ ቀን ኩራት ነው እልና እቆጣዋለሁ። በማግስቱ ፍቅር ነው እልና አለቅሳለሁ። አንዳንዴም አልደበቀም እላለሁ፤ አምስቱን ከነቀናቸው ጽፎ እቤት ውስጥ አስቀምጦልኝ ነበርና። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ይህን የጻፍኩት ሳልረሳው ነው፤ ያነበበውም ለሌላው እንዲነግር። ከእናንተ ጋር የሚኖር ሰው ዕቃውን ደጋግሞ ከለዋወጠ በዕቃው አትቀልዱ፤ ሰውየውን ደኅና መሆኑን ጠይቁት። «ደኅና ነኝ» ቢላችሁም አንድ ጊዜ ድገሙና ጠይቁት። እስቲ አስቡ፤ ከእናንተ ቤት ሰዎች ዳገት ላይ ሰላምታ የሚያስረዝመው ማን ነው?

አምስተኛውን፣ ጠባቡን፣ ለማንም አልሰጠሁም። በመቀነቴ ቋጥሬዋለሁ። እናንተም ለራሳችሁ ሙታን በምትጸልዩበት ሰዓት አንድ ስም ጨምሩልኝ። የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። ዳገት በሌለበት አገር አሳርፈው በሉልኝ።