የአምላጮች መንገድ

አንድ ሰው ነበር። በቢራ ፋብሪካ የጠመቃ ሠራተኛ ነው። ፋብሪካው ለሥልጠና ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሙኒክ ከተማ ላከው። ቢራ ስል ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ ግድ የለም፣ ፈገግ በሉ። ሰውየው ግን በዚያ ሰሞን ፈገግታ ርቆት ነበር።

ስሙን አያልነህ እንበለው። አያልነህ የሰፈሩ ዕድር የኮሚቴ አባል ነው። እሱ ሙኒክ ሳለ፣ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ጎረቤቱን ወይዘሮ ጥሩአየርን ከነቤተሰቧ ከዕድሩ ለማስወጣት ነበር። በደሏ ምንድን ነው? ከመዋጮ አልጎደለች። ከለቅሶ አልቀረች። በደሏ የትውልድ ቦታዋ ነው። በዚያ በኩል ጦርነት ተነሣ፤ የሰፈሩ ሰው ልጆቹ ከዘመቱ ወዲህ እሷን ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል። ባሏ ደግሞ አልጋ ላይ ነው፤ ሐኪም ተስፋ ቆርጦበታል።

ከዕድር የወጣ ሰው ሲሞትበት ምን እንደሚገጥመው ለእናንተ ልንገራችሁ? ድንኳን የሚተክልለት የለም። ሬሳውን የሚሸከምለት የለም።

በዕድሩ ደንብ ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ነገሩ በዚያ ቀን አይወሰንም፤ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል። የቀረ ሰው በስልክ መናገር ይችላል። ዝም ካለ ግን እንደተስማማ ይቆጠራል።

"እግዜር ነው ከዚያ ያወጣኝ" አለ አያልነህ ለአክስቱ ልጅ ለውድነሽ። ውድነሽ እዚያው ሙኒክ በነርስነት ብዙ ዓመት ኖራለች። ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ በረጅም አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊቱ ሊትር ሙሉ የሚይዝ ብርጭቆ ተደቅኗል። "ስልኬን አጥፍቼዋለሁ። ብቃወም ሰፈሩ ያገለኛል፤ ልጆቼ እዚያው ናቸው። ብስማማ ደግሞ ጥሩአየር ሚስቴን ያረሰች ሴት ናት።"

"ስለዚህ ቢራህን ትጠጣለህ።"

"ስለዚህ ቢራዬን እጠጣለሁ።"

"በርታ! ብቻ እንዳታስተርፍ፤ ነገ ባለሙያ ነኝ ብለህ ልትመለስ ነው" አለችው።

ከዚያ ተነሥተው ወደ ከተማው መሐል ሄዱ። ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለች። ከተነጠፈው ድንጋይ መካከል የነሐስ ቀለም ያለው መስመር እየተጣመመ ያልፋል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ አያልነህ።

"በናዚዎቹ ዘመን እዚያ ማዶ፣ ጎዳናው ላይ፣ የእነሱ መታሰቢያ ነበር። ወታደር ይጠብቀዋል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት አለበት። ያን ማድረግ ያልፈለገ ሰው በዚህች ታጥፎ ይሄዳል። የከተማው ሰው የአምላጮች መንገድ አላት።"

አያልነህ ደስ አለው። "ብልሆች! እኔም ብሆን በዚህ ነበር የምዞረው።"

"አንተማ ዞረሃል፤ ስልክህን አጥፍተህ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ታዲያ ምን ያድርጉ አንቺ? ይሙቱ?"

"እኔ አልፈረድኩባቸውም" አለች ውድነሽ። "ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆሞባቸዋል። እንዲያም ሆኖ ክንዳቸውን አላነሡም፤ ከተማው ይኸው በድንጋይ አሰባቸው። ግን ባለፈው ሳምንት ዳካው ሄደን ያን የእስረኞች ካምፕ አይተናል አይደል? በባቡር ስንት ደቂቃ ነው? እነዚህ ሰዎች በዚህች ሲታጠፉ እዚያ ሰው ይጋዝ ነበር። መታጠፋቸው እነሱን ከውርደት አዳነ። እስረኛውን ግን አላስፈታም።"

ወደ ጎዳናው እያመለከተች፣ "ያንተ ወታደር የታለ፣ አያሌ?" አለችው።

አያልነህ ቀና ብሎ ጎዳናውን አየ። አገር ጎብኚዎች ፎቶ ይነሣሉ። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ታልፋለች። ሌላ ማንም የለም። ስልኩን አውጥቶ ከፈተና ደወለ።

ስብሰባው ገና አልተበተነም ነበር። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሀብተየስ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት።

"እቃወማለሁ። ስሜ ይጻፍልኝ" አለ አያልነህ።

"ምን ነካህ ልጄ? ቢራው አናትህ ላይ ወጣ እንዴ?" ከኋላ ሰዎች ሳቁ።

"አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው የጠጣሁት ጋሼ።" ውድነሽ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን ያዘች።

የጋሽ ሀብተየስ ድምፅ ከረረ። "ልጄ ግንባር ላይ ነው። አንተ ከማን ጋር ነው የቆምከው?"

ይህን ጊዜ ሚስቱን አሰበ፤ ልጆቹን አሰበ። ስልኩን መዝጋት ይችል ነበር። አልዘጋውም።

"ጋሼ፣ ልጅዎ በሰላም እንዲመለስ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ። ጥሩአየር ግን ማንንም አልገደለችም። ባሏን ማን ይቅበረው? እኔ ብቻዬን አልችልም።"

ከወዲያ ሰዎች ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ፣ "ይጻፍለት" አሉ ጋሽ ሀብተየስ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ተቃቀፈ ብዬ አልዋሻችሁም። አያልነህ ሲመለስ ሰላምታ የነፈጉት ነበሩ። ልጆቻቸውን ከልጆቹ ያራቁ ነበሩ። ጠቅላላ ጉባኤው ሲሰበሰብ ግን ምን ታየ? አንድ ሰው እስኪጀምር የሚጠብቁ ብዙ ሆነው ተገኙ። ጥሩአየር ከዕድሩ አልወጣችም። ባሏ ባረፈ ጊዜ ጋሽ ሀብተየስ ለቅሶ አልደረሱም፤ ሟቹ ግን በጎረቤቶቹ ትከሻ ተቀበረ።

እናንተስ? "እኔ ክፉ አልሠራሁም፣ እጄ የለበትም" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ የላችሁበትም። በጎን አልፋችኋል። የሐሜቱ ወሬ ሲመጣ ሻይ ልትጠጡ ወጥታችኋል። ስብሰባው ሲከርር ራስ ምታት ይዟችኋል። ማን ነው መሣሪያ ይዞ የቆመባችሁ? ማን ነው ያስገደዳችሁ? እግዚአብሔር የሰጠን አንደበት ስንቀበር አብሮን እንዲበሰብስ ነው?

ፈርታችሁ ከሆነ፣ ፍሩ። አያልነህም ፈርቶ ነው የተናገረው። ፈርቶ የተናገረ ሰው ቃሉ አይጎድልም።

አሁን ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። በሰፈራችሁ ሰው ማንኳኳት የተወው አንድ በር አለ። የማን በር እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሂዱና አንኳኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያችሁ።