ጭድ ላይ ያደገው ውርንጭላ

የመጀመሪያ ልጄ ውባለም ከሾላ ዛፍ ወድቃ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል።

የቀረኝ ታናሽ ወንድሟ ታድሎ ነው፤ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ካላዘልኩት በቀር ደጅ አይወጣም። ማታ ማታ እጅ እግሩን እዳብሳለሁ፤ የተሰበረ አጥንት ያለ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት ታድሎን አዝዬ አያ ስመኝ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜ ልካቸውን ፈረስ ያረቡ ሽማግሌ ናቸው።

«ሳይሰበር እንዲያድግ ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ አውርደው። ላብህን አይቼ እኔ ደከመኝ።»

አላወረድኩትም። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦

«አንድ ሰው ነበረ። ውርንጭላው ገደል ገባበትና አንዲት አሮጊት ባዝራ ብቻ ቀረችው። ባዝራዪቱ ዳግመኛ ወለደች። ሰውየው ‹ይሄኛውስ ገደል አያይም› አለ። ጋጣ ሠራለት። ድንጋዩን ለቅሞ ጭድ ጎዘጎዘለት፤ ገብስ አቀረበለት። ውርንጭላው እናቱን ተከትሎ ሊሮጥ ሲል በሩን ይዘጋበታል።

ጎረቤት ግን ለባዝራዪቱ አዘነ። ‹አርጅታለች፤ አሳርፋት እንጂ› ይለዋል። እሱ ሌላ ስለሌለው ጭነቷን አቀለለላት እንጂ ገበያ መውጣቷን አላስቀረም። በየሳምንቱ ዳገቱን ቀስ እያለች ትወጣለች።

ሦስት ዓመት አለፈ። ፈረሱ ወዛ፤ ያየው ሁሉ አደነቀው። በጉግስ ቀን ሰውየው ልጓም አግብቶ ወደ ሜዳ አወጣው። ከሜዳው አፍ ላይ ሕፃን የሚዘላት ቦይ አለች። ፈረሱ ዘለለ። መሬት ሲነካ የፊት እግሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ባዝራዪቱ ከኋላ ቦይዋን ተሻግራ መጣችና ልጇን አሸተተችው።

ሰውየው ‹ገደል አላየ፣ ድንጋይ አልረገጠ! ምን ነካው?› ብሎ ጮኸ።»

አያ ስመኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ሰው አንተ ነህ፤ ጀርባህም ጋጣው ነው። አጥንት የሚጠነክረው መሬት ሲመታው ነው፤ ሥራ ያጣ አጥንት ይሳሳል። ጨቅላውን ጫነው አላልኩም፤ ውርንጭላ የጫነም ፈረሱን ሰብሯል። ይሩጥ ነው የምልህ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ማለዳ ማለዳ ወንዝ የምወርደው ከተቀመጥኩ እንደማልነሣ ስለማውቅ ነው።»

«ውባለምም በእግሯ ሄዳ ነው የሞተችው» አልኩ።

«አውቃለሁ። ቀብሯ ላይ ነበርኩ» አሉኝ።

ስመለስ ከመንገዱ ዳር ሜዳ ላይ ታድሎን አወረድኩት። መጀመሪያ ልብሴን ያዘ። ከዚያ ሮጠ። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ወደቀ። ዞሮ አየኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ራሱ ተነሣ።

ማታ የተላጠ ጉልበቱን አጠብኩለት። አጥንቱን አልዳበስኩም።