የሙክቱ ልብ

አስካለ ከሐኪም ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ መሪጌታ ይኄይስ ደጅ ሄደች።

«የኔታ፣ ልብሽን ስብ ከቦታል አሉኝ። ስብ ሙቀት አይደል እንዴ? ቢያቅፈው ምን ይጎዳዋል?»

«ሐኪሙን አልጠየቅሽውም?»

«ነገረኝ፤ አልገባኝም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። መሐል ላይ ግን እንዳታቋርጪኝ» አሉና ጀመሩ።

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ «ደኅና ነኝ» እያለ ከደጅ ሲመልስ ሲመልስ፣ በመጨረሻ የሚያንኳኳ ጠፋ። ቤት ውስጥ የቀረለት ለፋሲካ ብሎ ከምሰሶው ሥር ያሰረው አንድ ሙክት ብቻ ነበር።

ምስኪን፣ እጁ የለመደው ለሁለት መሥራት ነው። የሟቿን ድርሻ ምን ያድርገው? ለሙክቱ ይሰጠዋል። «ብላ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል?» ይለዋል። ሙክት ደግሞ መቼ ያፍራል፤ ቂጣውንም ባቄላውንም ጥርግ ያደርጋል። ብርድ ይመታዋል፣ ጅብ ይበላዋል እያለ ከቤት አያወጣውም። ፋሲካ ሲደርስ ቢላውን ስሎ መልሶ ሰቀለው። አርዶ ከማን ጋር ሊበላ ነው? የሚቀጥለውም በዓል እንዲሁ አለፈ። የሙክቱ ላት መሬት ሊነካ ደረሰ፤ ሲተኛም ያቃስት ጀመር። ሰውየው ግን ጨለማው ውስጥ ያንን ማቃሰት ሲሰማ የሚያወራው ሰው ያገኘ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ከዳገቱ ማዶ ያለችው እኅቱ መታመሟን ሰማ። ሙክቱን አደራ የሚለው ሰው ስለሌለው በገመድ እየሳበ ይዞት ወጣ። ዳገቱን ሳያጋምሱ ሙክቱ ቆመ። አፉን ከፍቶ አየር ፈለገ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ደረሱባቸው።

«ሳይሞት ባርከው» አለ አንዱ።

ሰውየው ከወገቡ ቢላ አወጣ፤ እጁ ግን እምቢ አለው። መንገደኛው ተቀብሎት አረደ። ሲከፍቱት ልቡ አልታይ አለ። ስቡ ዙሪያውን ጨምድዶ ይዞት ኖሮ፣ በቢላ ጫፍ እየገፈፉ ነው ያገኙት።

«ምን እያበላህ ነው እንዲህ ያደረግኸው?» አለ መንገደኛው እየሳቀ።

«የሚስቴን ድርሻ» አለ ሰውየው።

ሳቁ ቆመ። ከመንገድ ዳር እሳት አነደዱ። ሰውየው ከሰው ጋር ለማዕድ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባውና አለቀሰ። ማንም ተው አላለውም፤ አጎረሱት እንጂ። የቀረውን ሥጋ ተሸክሞ ወደ እኅቱ መንገዱን ቀጠለ።

መሪጌታ ወደ አስካለ ዞሩ።

«ጥቂት ስብ ለልብ ክፉ አይደለም፤ ትራሱም ስንቁም ነው። ሲበዛ ግን ይጫነዋል። ከራሱ ከስቡ የሚወጣው ነገርም አጠገቡ ወዳሉት የደም ሥሮች እየዘለቀ ያቆስላቸዋል። ሐኪሙ የነገረሽ ይህንኑ ነው። ያን ሙክት ጠላት አልገደለውም፤ ብቻውን እንዳይቀር የፈራ ወዳጁ ነው የገደለው። አንቺስ? ልጆችሽ ከሄዱ ወዲህ ለስንት ሰው ነው የምትሠሪው?»

አስካለ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ለአራት።»

«ማን ይበላዋል?»

«ማን አለ ብለው ነው? እኔው ነኝ እንጂ።»

መሪጌታ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ነገ ምሳሽን እዚህ ይዘሽ ነይ፤ ከኔ ደጅ የሚበላ ጠፍቶ አያውቅም። አሁን ግን ተነሺ፣ ይቺን የደጄን ዳገት ቀስ እያልን እንውጣት። ደከመኝ ለማለት አትፈሪ፤ እኔ ቀድሜሽ እላለሁ።»