ከጀርባ የመጣ ጩኸት

አንድ ገበሬ ነበረ። ከመንደሩ በላይ፣ ከገደሉ ሆድ፣ ጥልቀቱን ማንም የማያውቀው ዋሻ አለ፤ ከዋሻው ጨለማ ውስጥ ወንዝ ይወጣል። ወንዙ ዘወትር ዝግ ብሎ ነው የሚፈሰው። አንዳንድ ቀን ግን፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ሸለቆውን የሚሰነጥቅ ጩኸት ይሰማል። የሰው ጩኸት ይመስላል፤ ሰው ግን ሳይተነፍስ ያን ያህል አይጮህም። በዚያን ቀን ወደ ወንዝ ከወረዱት አንዱ አይመለስም።

የገበሬው ሚስት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ቀረች። ሽማግሌዎቹ አላመነቱም፤ የወሰዳት ዋሻው ውስጥ ያለው ነው አሉ። ወንዙን የሚተፋው እሱ ከሆነ የሚጮኸውስ ሌላ ማን ሊሆን ነው? ገበሬው አመናቸው። ጦሩን ይዞ ወጣና ከዋሻው አፍ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጎረቤት ምግብ እያመጣለት አሥራ ሁለት ቀን ጨለማውን ሲያይ ሰነበተ። ጨለማውም መልሶ የሚያየው እየመሰለው ጀርባውን መስጠት ፈራ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ውኃው ድንገት አበጠ። ደፍርሶ ከዋሻው ተወርውሮ ወጣ፤ እግሩን ነክቶት አለፈ። ጦሩን አነሣ። ምንም ድምፅ የለም፤ ዋሻው ዝም እንዳለ ነው። አባታችን ሆይን አሥር ጊዜ ደግሞ ሲጨርስ ጩኸቱ መጣ። ከጀርባው።

ለጥቂት ጊዜ መዞር አቃተው። ኋላ ዋሻውን ትቶ በወንዙ ዳር ቁልቁል ሮጠ። ከብዙ መንገድ በኋላ ሸለቆው ይጠባል፤ የመንደሩ መሻገሪያና ውኃ መቅጃም እዚያው ነው። አዲሱ ፈጣን ውኃ ቀድሞ የወጣውን ዘገምተኛ ውኃ ደርሶበት ከቋጥኝ ጋር ሲያላትመው፣ የሚጮኸው ያ ነበር። ከቋጥኙ ስንጥቅ የሚስቱ መቀነት ተወትፎ አየ።

እዚያው ተቀምጦ ዋለ። ሲመሽ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደና፣ «የጠበቅነው ሌላ፣ የሚገድለን ሌላ። ዋሻው ይልካል እንጂ አይጮህም» አላቸው። ግማሾቹ አላመኑትም። እሱ ግን መሻገሪያውን በእሾህ አጥሮ ከላይ፣ ወንዙ ከሚሰፋበት፣ ሌላ አበጀ። ጩኸቱ አልቀረም፤ የሰው መጥፋት ግን ቀረ።

እንግዲህ ወይንሸት፣ ከኳዛር፣ እጅግ ሩቅና ደማቅ ከሆነው የሰማይ አካል፣ የሚመጣው የጋማ ጨረር ብልጭታ ከየት ይነሣል ብለሽ ጠይቀሽኛል። በኳዛሩ እምብርት ያለው ጥቁር ጉድጓድ እንደዚያ ዋሻ ነው፤ ከአጠገቡ የሚወረወረው የጋለ ጅረት እንደ ወንዙ። ብልጭታ ባየን ቁጥር ዓይናችንን ጉድጓዱ ላይ እንተክላለን። ጅረቱን በሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተከተሉት ግን ብዙ ጊዜ ያገኙት ሌላ ነው፦ ብልጭታው የሚመጣው አዲስ የተወረወረ ደማቅ እብጠት፣ ከጉድጓዱ ብዙ የብርሃን ዓመት ርቆ፣ ጅረቱ የሚታመቅበትን ስፍራ ሲያልፍ ነው። ሁሉም እንዲያ ነው አልልሽም፤ ከቅርብ የሚነሣም አለ የሚሉ አሉ፣ ክርክሩም አላለቀም። አንቺ ግን ኃይል ሁሉ ከወጣበት እዚያው ይፈነዳል ብለሽ አትቀመጪ። ጊዜውን እየቆጠርሽ ተከትለሽው ውረጂ።