ጆፌ አሞራ ቀለቡን በድርሻ የለወጠ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ በሁለት ተራሮች መካከል፣ በእግር ለሚሄድ ሁሉ የሦስት ቀን ዙሪያ የሚሆን አንድ ትልቅ ገደል ነበረ። የአገሩ ጌታ አንበሳ ስድስት ጉልበተኛ ወፎች ቀጥሮ እንስሳትን በአየር ያሻግር ነበር። መንገደኛው ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ስድስቱ ወፎች ቅርጫቱ የታሰረበትን ጠፍር በየጥፍራቸው ይይዙና ብድግ ያደርጉታል። መንገደኛው የአቅሙን እህል ወይም ሥጋ ለአንበሳ ይከፍላል፤ አንበሳም ለወፎቹ የቀን ቀለብ ይሰጣል።

ወፎቹ አንድ ደንብ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ተረኛው ወፍ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ክንፉን ዘርግቶ ነፋሱን ይፈትናል። ነፋሱ ካላማረው ክንፉን ያጥፋል። ክንፍ ከታጠፈ በቃ፣ የዚያን ቀን በረራ የለም። «ለምን አጠፍክ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አንበሳ እንኳ አይጠይቅም። በረሩም አልበረሩም ቀለባቸው አይቀርም። ይህን ደንብ ያወጣው ሌላ ማንም አይደለም፤ የወፎቹ አለቃ ጆፌ አሞራ ራሱ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ዓመት መንገደኛው በዛና የአንበሳ ጎተራ ጢም ብሎ ሞላ። ይሄኔ አማካሪው ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ ላልበረሩበት ቀን ሲቀልቧቸው ሳይ አንጀቴ ያራል። ቀለቡን ያስቀሩትና በየወሩ ከሚተርፈው ሲሶውን ይስጧቸው። ከተረፈ ይብሉ፤ ካልተረፈ እርስዎ ምን ተነኩ?»

«እሺ ይላሉ ብለሽ ነው?»

«ጆፌ እሺ ካለ ሁሉም እሺ ይላሉ። ጆፌን ለእኔ ይተዉት።»

ወዲያው ጆፌ ዘንድ ሄደች። «አያ ጆፌ፣ ያሻገርከው አንተ፣ ጎተራው የሞላለት እሱ! ይሄን ያህል ዘመን በርረህ እስካሁን ተቀላቢ ነህ? ባለድርሻ ሁን እንጂ!»

ተቀላቢ የምትለው ቃል ጆፌን አንገበገበችው። ደረቱን ነፍቶ ወፎቹን ሰበሰበ። ቅርጫቱን የሚጭነው ጅብም ምግብ የሚታደል መስሎት መጣ።

ጆፌ ነገሩን ሲያስረዳ ሁሉም ደስ አላቸው። ሦስት ጫጩት ጎጆ ውስጥ ያላት ሽመላ ብቻ ተነሣች።

«አያ ጆፌ፣ እኔ ይሄ ነገር አላማረኝም። ጭጋግ በሆነ ቀን ክንፌን ሳጥፍ ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ማልቀስ ነው! ሥራ ከፈራሽ ጎጆሽ ውስጥ ተኝተሽ እንቁላልሽን ታቀፊ!»

ወፎቹ ሳቁ። ሽመላ አቀርቅራ ተቀመጠች። ይሄን ስናገር እኔን ራሴን ያሳፍረኛል፤ ያሳቃቸው ያው ያከበሩት ሽማግሌ ነውና።

«እኔም ጫኝ ነኝ፤ ድርሻ ይገባኛል!» አለ ጅብ። «ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ድርሻ የምትሉት ነገር ይበላል?»

«ይበላል፣ አያ ጅቦ» አለው ጆፌ።

«እንግዲያው ተስማምቻለሁ!»

የመጀመሪያው ወር በጋ ነበርና ድርሻው የቀለቡ እጥፍ ሆነ። ጆፌ በሽመላ ጎጆ ሥር እየተንጎራደደ «እንዴት ነው ታዲያ፣ ጠገባችሁ?» ይል ነበር። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ጉሙ ገደሉን ሞላው፤ በወር ውስጥ የበረሩት አምስት ቀን ብቻ ሆነ። ጎተራው አልሞላም፤ ድርሻም የለም።

አንድ ጠዋት እሜቴ አህያ ሁለት ከረጢት ጨው ይዛ ልትሻገር መጣች። ከኋላዋ ሁለት በጎች ተራ ይጠብቃሉ። ተረኛዋ ሽመላ ነበረች። አፋፉ ላይ ቆመች፤ ክንፏን ዘረጋች፤ ትንሽ ቆየችና አጠፈችው።

«ኧረ በፈጠረሽ! ዛሬም?» ብሎ ጮኸ ጅብ።

ሌሎቹ ወፎች ወደ ጆፌ ዞሩ። ጆፌ ነፋሱ ክፉ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከገደሉ ሥር እየተጠቀለለ የሚወጣው ነፋስ የሱንም ላባ እየገለበጠው ነበር። ግን ሆዱ ባዶ ነው፤ ወፎቹም የተራቡት እሱን አምነው ነው። «ተሳስቻለሁ» ከማለት ይልቅ አፉን ከፍቶ ያንን ነውር ተናገረ።

«ለምን አጠፍሽ?»

ሽመላ ደነገጠች። «አያ ጆፌ... ይሄ ይጠየቃል እንዴ?»

«ይጠየቃል! የስድስታችን ጉሮሮ ያለው በአንቺ ክንፍ ነው። ጉም ፈርተሽ ልታስርቢን ነው?»

ሽመላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓይኗን ደፍሮ ያያት አልነበረም። ሄደችና ጠፍሯን ያዘች።

ጅብ ደግሞ ማንም ሳያየው ቅርጫቱ ውስጥ አህያዋን ከነጨዋ፣ በላይዋም ሁለቱን በጎች አጨቀ። ጭነት በበዛ ቁጥር ድርሻ ይበዛል ብሎ ነው፤ ከዚህ የራቀ ሐሳብ እሱ ጋ የለም።

የገደሉ መሐል ሲደርሱ ነፋሱ ከሥር መታቸው። ቅርጫቱ ዘመም አለ፤ ጨው ተበተነ፤ በጎቹ ጮኹ። ከወፎቹ ሁለቱን ጠፍሩ ከጥፍራቸው አመለጣቸው። ሽመላ ግን አልለቀቀችም። ሁለቱ ይዘውት የነበረው ክብደት ወደ እሷ ዞረና ጎትቶ ከቋጥኙ ጋር አላተማት። ክንፏ ሲሰበር ድምፁን ሁሉም ሰሙት። እንደምንም ቅርጫቱን ወደ ተነሡበት አፋፍ መልሰው ጣሉት፤ መንገደኞቹ ተረፉ።

ሽመላን ተሸክመው ወጌሻዋ ኤሊ ዘንድ አደረሷት። ኤሊ ክንፉን ዳብሳ በቀርከሃ አሰረችው። «ሠላሳ ቀን እዚህ ትተኛለች። ስለ መብረሩ አሁን አትጠይቁኝ» አለች።

በማግስቱ አንበሳ ሁሉንም ወደ ቤቱ አስጠራ። «ነፋሱን የፈተነ ማን ነበር?»

ቀበሮ ቀደመች። «ሽመላ ናት፣ ጌታዬ። ደህና ነው ስላለች ተነሡ። ጥፋቱ የራሷ ነው። አይደለም እንዴ፣ አያ ጆፌ?»

ጆፌን «ሐሰት ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃው ነበር። እሱ ግን «አዎ» አለ፤ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ።

ይሄኔ ከበር አካባቢ አህያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅርታ ጌታዬ። እኔ አህያ ነኝ፤ ብዙ ነገር አይገባኝም። ጆሮዬ ግን እንደሚያዩት አያንስም። ያቺ ወፍ ክንፏን ስታጥፍ አይቻለሁ። እኚህ ሽማግሌ ደግሞ ‹ለምን አጠፍሽ?› ሲሏት ሰምቻለሁ። ልጅቷ እኮ እኔን አልለቅም ብላ ነው የተሰበረችው!»

ጆፌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ፊቱ ጋለ፣ አንገቱ ታጠፈ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ደንቡን ያወጣሁትም እኔ፣ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። መጀመሪያ አሳቅሁባት፣ ቀጥሎ አስገድጄ አበረርኳት፣ አሁን ደግሞ ተኝታ ሳለች ዋሸሁባት።»

«ታዲያ የዚህ ወር ድርሻ ቀረ ማለት ነው?» አለ ጅብ። አንበሳ ሲያጉረመርምበት አፉን ዘጋ።

አንበሳም አፍሮ ተናገረ። «ትርፌን ያካፈልኳችሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ያካፈልኳችሁ ስስቴን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቀለባችሁ እንደ ድሮው በየቀኑ ይሰጣል፤ የሽመላም አይቋረጥም። ጥሩ ዓመት ሲመጣ በላዩ እጨምርላችኋለሁ እንጂ ዳግመኛ በቀለባችሁ ፋንታ ድርሻ አልሰጥም።» ወደ ቀበሮ ቢዞር ቦታዋ ባዶ ነበር፤ በየት በኩል እንደወጣች ያየ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽመላን ቀለብ ለጫጩቶቿ የሚያደርሰው ጆፌ ሆነ። አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፣ ምግቡን ጎጆው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፣ አንድም ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ኤሊ ቤት ግን እግሩ አልደፍር አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደምንም ሄዶ በር ላይ ተገተረ። ያዘጋጀው የይቅርታ ቃል ሁሉ ጠፋበት።

«ልጆቼን የምትቀልበው አንተ ነህ አሉ» አለች ሽመላ ከተኛችበት።

«እኔ ነኝ።»

«አንድ ነገር ልለምንህ።»

ዳግመኛ ዓይንህን አልይ ልትለው መስሎት ተዘጋጀ።

«አንገትህን ደፍተህ አትሂድባቸው። አንዲት ቁራ በዚያ ስታልፍ ሰምታቸዋለች፤ አንተ መጥተህ በሄድክ ቁጥር ‹እናታችን ሞታለች ማለት ነው› እያሉ ይላቀሳሉ አሉ። እኔ ፊት እንደፈለግህ እፈር። እነሱ ዘንድ ስትደርስ ግን ቀና በልና ደህና ናት በላቸው።»

ጆፌ «እሺ» ብሎ ወጣ። ኤሊ በር ድረስ ሸኘችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሽመላ ዳግመኛ እንደማትበር ነገረችው። እሱም ቀለቡን ይዞ ወደ ጎጆው ሄደ፤ ያ ከባድ አንገቱን ቀና አደረገና ጫጩቶቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየ «እናታችሁ ደህና ናት» አላቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላው ነፍስ አደራ ያለበት ሠራተኛ «ዛሬ አይሆንም» ባለ ቁጥር ልጆቹ የሚራቡበት ከሆነ፣ በዚያ መንገድ የሚገኘው ትርፍ ኋላ ቀና ብሎ መሄድን የሚከለክል ኀፍረት መሆኑን ነው።