ሊቁ ወደ ጎን ያደረጋት መልስ

አንድ ሊቅ በምድር ዋልታ አጠገብ፣ ባሕሩ በብርድ ወራት ረግቶ በረዶ በሚሆንበት አገር ይኖር ነበር። የአገሩ ሰዎች መንደራቸውን የሠሩት ከባሕሩ ዳር ነው። ማዕበል በሚበረታበት ወራት ባሕሩ በበረዶ ስለሚሸፈን ውኃው አይደርስባቸውም፤ አጥራቸው በረዶው ነበር። የሊቁ አንድያ ልጅም እዚያው አግብታ ወልዳ ትኖራለች።

በረዶው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሲሄድ የአገሩ ንጉሥ ሊቁን አስጠርቶ መንደሩ መቼ መነሣት እንዳለበት ጠየቀው። ሊቁም የባሕሩን፣ የነፋሱንና የሙቀቱን ጠባይ የሚያሳይ ሞዴል በኮምፒውተር ሠራ። የስሌቱን መነሻ ቁጥሮች በትንሽ በትንሹ እየለዋወጠ ደጋግሞ አሰላ። አብዛኞቹ መልሶች በረዶው እስከ ልጅ ልጆቹ ዘመን ይቆያል አሉ። አንዷ ብቻ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆይም አለች።

ሊቁ ያቺን መልስ እያገላበጠ መረመራት። ስህተት አላገኘባትም። ግን ፈራ። ይህን ይዤ ብቀርብ መኳንንቱ ይሳለቁብኛል፣ የቀረውንም አያምኑኝም ብሎ አሰበ። ደግሞም ልጁ ያለችበትን መንደር ባሕር ሲውጠው ማሰብ አልቻለም። ስለዚህ አንዷን ወደ ጎን አድርጎ የሌሎቹን አማካይ ለንጉሡ አቀረበ። ንጉሡ እፎይ አለ። መንደሩን የማዛወሩ ጣጣም ለሚቀጥለው ንጉሥ ተተወ።

በዚያው ሰሞን ልጁ ልትጠይቀው መጣች።

«አባዬ፣ ቤታችን አርጅቷል። እናድሰው ወይስ መንደሩን ለቀን እንውጣ?»

ሊቁ ያቺ መልስ ትዝ አለችው። ሆኖም «አድሱት ልጄ» አላት።

እሷም አባቷን አምና ቤቱን አሳደሰች። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የብርዱ ወራት ገባ፤ ባሕሩ ግን ሳይረጋ ቀረ። ማዕበሉ የሚያቆመው አጥቶ መንደሩን ጠራርጎ ወሰደው። ከታደሰው ቤት የተረፈ ሰው የለም።

ንጉሡ ሊቁን አስጠርቶ፣ «ሞዴልህ አታለለን» አለው።

«አላታለለንም ጃንሆይ። ነግሮኝ ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ንጉሡም የተሻለ ሞዴል እንዲሠራ አዘዘው።

«ለየትኛው መንደር ጃንሆይ?» አለና ሊቁ ወጥቶ ሄደ።

የሚያስፈራንን መልስ ወደ ጎን ስናደርግ ጥንቃቄ ይመስለናል፤ ፍርሃት ነው። ከወረቀት ላይ ልንሰርዘው እንችላለን፤ ከባሕሩ ላይ ግን አይሰረዝም። እርስዎስ፣ እያወቁ ወደ ጎን ያደረጓት መልስ የትኛዋ ናት? ቤቱን እናድስ ወይ ብሎ የሚጠይቅዎትስ ማን ነው?