ውሃ ያልገባበት ካሜራ

አንድ ፈሪ ፎቶ አንሺ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ስሙ አሰግድ ይባላል። ፈሪ ስል ሰነፍ ማለቴ አይደለም፤ እየፈራም ቢሆን ሥራውን የሚሠራ ሰው ነበር። ሐይቁ ዳር ስላደገ መጥለቅ ያውቃል፤ ውሃውን ግን አያምነውም። የመንደሩ ሰውም "ፈሪ ለእናቱ" እያለ ይቀልድበት ነበር።

አሰግድ ዳሞታ የሚባል ጀልባ ነጂ ጓደኛ ነበረው፤ አብሮ አደጉ ነው። አንድ የገበያ ቀን የዳሞታ ጀልባ ሰው እንደጫነች ሰጠመች። ከተሳፋሪዎቹ የሞቱም ነበሩ። የወደቡ ሹም "ከልክ በላይ ጭኖ ነው" ብሎ ከሰሰውና ዳሞታ ታሰረ። ዳሞታ ግን "ሹሙ ሳያስነቅል የተወው የአሮጌው ወደብ ብረት ከሥር ወግቶኝ ነው። የማታምኑ የጀልባዬን ሆድ እዩ" ይል ነበር።

ዳኛው ቅን ሰው ነበሩ። "ጀልባዋን ከሐይቅ የማወጣበት አቅም የለኝም" አሉ። "የጓደኛ ቃልም አይበቃኝም። ቀዳዳው ካለ ግን በፎቶ አሳዩኝና እፈታዋለሁ።"

ጊዜው አጭር ነበር። ክረምቱ ከገባ ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ወንዝ ደለል ጠርጎ ያመጣና ጀልባዋን ይቀብራታል። ከዚያ ወዲያ የዳሞታን እውነት የሚያይ ዐይን አይኖርም።

በዚያ አገር ውሃ ውስጥ የሚሠራ ካሜራ አንድ ብቻ ነበር። በፊልም የሚሠራ አሮጌ ካሜራ ነው፤ ባለቤቱ የዓሣ አጥኚ ነበሩ፣ ሞተዋል። ሚስታቸው እትዬ የሺመቤት ከሣጥን አውጥተው ለአሰግድ ሰጡትና ባላቸው ሲያደርጉ ያዩትን ነገሩት።

"ይኸውልህ ልጄ፣ ውሃውን የሚከለክለው ይህ ጥቁር የጎማ ቀለበት ነው። አንዲት ፀጉር ወይም አንዲት አሸዋ ብታርፍበት ሐይቁ በእሷ በኩል ይገባል። ጥርግ አድርገህ ትንሽ ቅባት አስነካው፤ አታብዛበት።"

"እሺ እትዬ።"

"ይህችን ቁጥር ደግሞ አትመናት። ፊልሙን የሚያሳልፈውን ማንሻ በገፋህ ቁጥር ትጨምራለች፤ ፊልሙ ተያያዘ አልተያያዘ ግድ የላትም። አንተ ግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ እይ። ፊልሙ ከሄደ እሷም ትዞራለች። ቀጥ ካለች ባዶ ነው የምታነሳው።"

"ቀለበቱ ግን ድንገት ውሃ ቢያስገባስ?"

"ስለ ውሃው ነገርኩህ እኮ!"

አሰግድ ልብ ብሎ የሰማው ስለ ውሃው ብቻ ነበር። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ለፈራነው ነገር ጆሯችንን ከፍቶ ለሌላው ይደፍንብናል።

በነጋታው ሐይቁ መሐል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ቀለበቱን በብርሃን አገላብጦ አየ። ጠረገው፤ ቀባው፤ እንደገና ጠረገው። ፊልሙን ግን በጥድፊያ ከተተና ጫፉ ከሚጠቀልለው ዘንግ ጋር በወጉ መያያዙን ሳያይ ክዳኑን ዘጋ። ከዚያ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይዞ ወረደ።

ታች ድንግዝግዝ ነው። የገዛ ልቡ ምት በጆሮው ይደልቃል። ጀልባዋ በጎኗ ተኝታለች፤ ከመቀመጫዋ ሥር የአንዲት ሴት ሻሽ ተሸጉጦ ይውለበለባል። አሰግድ ሻሹን ሲያይ ሊጮህ ምንም አልቀረው። ይሁን እንጂ ተጠጋ፤ ቀዳዳውንም አገኘው። ብረቱ እንጨቱን ወደ ውስጥ ሰብሮታል። ዳሞታ እውነቱን ነበር!

አነሳ። ማንሻውን ገፍቶ ደግሞ አነሳ። በዚህ መሐል ዐይኑ በግራዋ ቁልፍ ላይ አረፈና የእትዬ የሺመቤት ቃል ትዝ አለው። አልዞረችም። ማንሻውን ሲገፋ አተኩሮ አያት፤ አሁንም ቀጥ ብላለች።

ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ካሜራውን ከፍቶ፣ ፊልሙን አያይዞ ወደዚያ ጨለማ መመለስ ነው። ያን ጊዜ ሻሹ ክንዱን ዳሰሰው። አሰግድ ዐይኑን ከቁልፏ ላይ አነሳና ወደ ቁጥሯ አዞረ። ቁጥሯ ጨምራለች። "ቁልፏ አርጅታ ይሆናል" ብሎ ለራሱ ነገረውና ወደ ብርሃኑ ሸሸ።

ታንኳው ላይ ፊልሙን መልሶ ሲጠቀልል፣ ምንም እንደማይጎትት ሰው እጁ ላይ ቀለለው። ይህንንም አይቶ ዝም አለ። ካሜራውን ሲከፍተው ውስጡ ደረቅ ነበር። ጠብታ የለበትም። እሰይ ብሎ ፊልሙን እንዲታጠብ ወደ ዋና ከተማ ላከው።

ክረምት ገባ። ፊልሙ ሲመለስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነበር። አሰግድ ወደ ሐይቁ ሮጠ። ውሃው ቡና መስሏል። ያለ ካሜራ ዘሎ ገባ፤ የፈራው ሁሉ ጠፍቶት ደጋግሞ ጠለቀ። እጁ የዘገነው ጭቃ ብቻ ነበር። ዳኛውም የጠበቁትን ያህል ጠብቀው በዳሞታ ላይ ፈረዱ።

አሰግድ ወደ እስር ቤት ሄደ። ዳሞታ በአጥሩ ማዶ ቆሞ ጠየቀው።

"ውሃ ገባበት?"

"ጠብታ እንኳ አልገባበትም።"

"ጀልባዋ ጋ ሳትደርስ ቀርተህ ነው?"

"ደርሻለሁ። ቀዳዳውን በዐይኔ አይቼዋለሁ። ፊልሙ አልተያያዘም ነበር።"

"እዚያው ሳለህ አላወቅህም?"

አሰግድ አንገቱን ደፋ። "አውቄ ነበር። እንደገና መውረድ ፈራሁ።"

ዳሞታም፣ "እንግዲያው እኔን ያሰመጠኝ ውሃ አይደለም፣ ወንድሜ" አለውና ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ።

አበው "የፈሩት ይደርሳል" ይላሉ። አሰግድ የፈራው ግን አልደረሰም፤ የደረሰው ሳይፈራው ያለፈው ነው። ወገኖቼ፣ መፍራት ነውር አይደለም፤ የማይፈራ ሰው ቀለበቱንም አይጠርግም። ክፋቱ፣ ፍርሃታችን ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ሲያስጠብቀን፣ በውስጣችን የቆመውንም እያየን ዐይናችንን ወደሚያጽናናን ነገር ሲያዞርብን ነው። የትዳራችን ዓመት ይጨምራል፤ የጸሎታችን ብዛት ይጨምራል፤ የሥራ ዘመናችን ይጨምራል። መጨመሩ መሄዱን አያሳይም።

እናንተስ፣ መቆሙን አይታችሁ፣ መመለሱን ፈርታችሁ ዝም ያላችሁት ነገር የቱ ነው? ዝም ስትሉስ በእናንተ ተስፋ አድርጎ የሚጠብቅ ማን አለ?